ቀለህ ማጠቢያ የሚሆን የማይበላ ነገር

ጋሼ አንድ የነሐስ ቀለህ በሁለት ጣታቸው ይዘው ክፍሌ በር ላይ ሲቆሙ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር።

«እስቲ ይህን እየው» አሉኝ። «ያየኸውን ብቻ ንገረኝ። አስተያየት አልፈልግም።»

ካውያውን አቆምኩና አየሁት። ጥቁር ነበር። ጥቁር ነው አልኳቸው።

«ውስጡስ?»

ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብዬ አየሁ። ውስጡም ጥቁር ነበር።

«ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አሉና ቀለሁን ኪሳቸው ከተው ወደ ካንቲናቸው ወረዱ። ካንቲና የምንለው በሮም የመኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰውን ምድር ቤት ነው። ሌላው ሰው የወይን ጠርሙስና የተሰበረ ብስክሌት ያስቀምጥበታል። ጋሼ በርሜል አስቀምጠውበት ነበር።

ያን ጊዜ ቶር ፒኛታራ በሚባል የሮም ሰፈር ከጋሼና ከባለቤታቸው ቤት አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ለአጭር ሥልጠና ተልኬ መጣሁ፤ እዚህ ሳለሁ የዝግጅት ክፍል ባልደረቦቼ ተራ በተራ መታሰር ጀመሩ። ሥልጠናው አለቀ፤ እኔ አልተመለስኩም። ቀን ቀን ለአንድ የዜና ወኪል እተረጉማለሁ፤ ማታ ሬዲዮ አዳምጣለሁ። የጋሼ አባት ጣልያን፣ እናታቸው የደብረ ብርሃን ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ ውስጥ የቶርኖ ቤት ነበራቸው፤ ደርግ ወረሰው። በሕይወቴ የወደድኩት ቶርኖዬን፣ ሚስቴንና የዒላማ ተኩስን ነው ይሉ ነበር። ቶርኖው ተወርሷል። ሚስታቸው አብራቸው አለች። የቀረው ዒላማው ነበር፤ እሱም አስቸጋሪ ሆኖባቸው ነበር።

ከሮም በስተሰሜን፣ ወደ ካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የዒላማ ተኩስ ክለብ አለ። ጋሼ እሑድ እሑድ በትንሹ ባቡር ይሄዱ ነበር፤ የሚሄዱት ግን በእንግድነት ነው። በክለቡ ደንብ እንግዳ ማየት ይችላል፣ ማጨብጨብ ይችላል፣ መሬት ላይ የወደቀውን ቀለህ መልቀም ይችላል፤ መተኮስ አይችልም። አባል ለመሆን በጉባኤ መመረጥ ያስፈልጋል፤ ለመመረጥ ደግሞ የሚያቀርብ አባል ያስፈልጋል። የሚያቀርባቸው አልተገኘም። አንድ እሑድ አብሬያቸው ሄጄ አንዱን አባል ምክንያቱን ብጠይቀው «ከየት እንደሆነ በትክክል ስለማናውቅ ነው» አለኝ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ይሰሙ ነበርና በጠራ ጣልያንኛ «እኔም ራሴ እያጣራሁ ነው» አሉት። ሰውየው አዝኖላቸው ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ መካከል ሐኪም የጋሼ ቀኝ ዓይን ላይ ሞራ እየወረደ መሆኑን ነገራቸው። የሚያነጣጥሩበት ዓይን ነው። ቀዶ ሕክምና አለ፤ ሐኪሙ ግን በደም ግፊታቸው ምክንያት ፈራ። ጋሼ ይህን ለባለቤታቸው አልነገሩም። ለእኔ የነገሩኝም እንደ አየር ሁኔታ ነው።

«የዒላማው ጥቁር ክብ አሁን ይታየኛል፤ ጠርዙ ብቻ ጭጋግ አለው። በሚመጣው ዓመት ግን ጭጋጉ ብቻ ነው የሚታየኝ። ከዚያ በፊት አንድ እሑድ እዚያ መደብ ላይ ተኝቼ ልተኩስ። ሌላ አልፈልግም።»

ዕድሉ የመጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። የክለቡ ፕሬዚዴንት ጡረታ የወጣ መድኃኒት ቀማሚ ነበር። የክለቡን ቀለህ ያጸዳ የነበረው አባል ወደ ልጁ አገር ስለሄደ፣ ፕሬዚዴንቱ ጋሼ ሲለቅሙ ያያቸውና ጠርቶ «ለጉባኤው እሑድ አንድ ጆንያ ቀለህ ውስጡም ውጭውም ንጹሕ አድርገህ ብታመጣ፣ እኔ ራሴ አቀርብሃለሁ» ይላቸዋል። ጋሼ ጆንያውን ተሸክመው በባቡር መጡ። ትከሻቸው ጥላሸት ለብሶ ነበር። እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ከጸዳ እንደገና ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ይተኮሳል። የማጽጃው ዘዴም ቀላል ነው፤ ቀለሁን ከአንድ ደረቅ ድቃቂ ነገር ጋር በርሜል ውስጥ ይከቱታል፣ በርሜሉ በቀስታ ሲሽከረከር ይውላል፣ ድቃቂው እያሸ ጥላሸቱን ያነሣል። በርሜሉን ጋሼ ከወይራ ዘይት ቆርቆሮና ከተጣለ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ሠርተውታል። ያስቸገረው ድቃቂው ነው። በጣም ጠንካራ ከሆነ ነሐሱን ይጭረዋል። በጣም ለስላሳ ከሆነ አያጸዳም። ከደቀቀ በቀለሁ ቂጥ ባለችው ቀዳዳ ይወተፋል፤ ከተለቀ ደግሞ ወደ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ያን ጾም ሙሉ የቤታችን ጥያቄ ሆነ።

መጀመሪያ የወንዝ አሸዋ ሞከሩ። አንዱን ቀለህ አምጥተው አሳዩኝ። ድመት የቧጠጠው ይመስላል አልኳቸው።

«ድመት አለ እዚህ ቤት?»

«የለም።»

«እንግዲያው ያየኸውን በል።»

ጭረት አለው አልኩ። እርማቱ ትክክል ነበር።

ቀጥሎ ሩዝ ሆነ። ሩዙ መሥራቱን መመስከር አለብኝ። ውጩን አጽድቷል፣ ውስጡንም ሊያጸዳ ተቃርቦ ነበር፤ እኔ ካንቲና ወርጄ በባትሪ እያየሁ ይህንኑ ስናገር ነው እትዬ የሩዝ መስፈሪያ ጣሳ ይዘው ከደረጃው የወረዱት።

እትዬ የጋሼ ባለቤት ናቸው። ወሎ ተወልደው በልጅነታቸው አዲስ አበባ ገብተዋል። በዚያን ሰሞን የጣልያን ቴሌቪዥን በየምሽቱ የወሎን ረሃብ ያሳይ ነበር፤ እትዬም የማያውቁት ሰው ፊት ላይ የሚያውቁትን እየፈለጉ ወንበራቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ አስጠግተው ያዩ ነበር። እዚያ ካለው ወንድማቸው ወሬ ካጡ ቆይተዋል።

«ሩዜ የት ሄደ?» አሉ።

በርሜሉ ኳ፣ ሽው፣ ኳ፣ ሽው እያለ ይዞራል። እትዬ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን በርሜሉ ላይ አደረጉ።

«አጥፋው።»

ጋሼ አጠፉት። እትዬ ክዳኑን ከፈቱ። ሩዙ የከሰል ዱቄት መስሏል።

«እህል» አሉ ቀስ ብለው። «እህል በጥይት ታሻለህ? ሕፃናቱን እዚያ ቴሌቪዥን ላይ ትቻቸው ነው እኮ የወረድኩት!»

«ጥይት አይደለም፤ ቀለህ ነው። ባዶ ነው።»

«የሰዉም ሆድ ባዶ ነው!»

«ደግሞ ሩዝ እህል ነው እንዴ አንቺ? የቻይና ነው።»

«ወደ ሆድ የሚገባ ሁሉ እህል ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚበላ ነገር እዚህ በርሜል ውስጥ ቢገባ፣ በርሜሉን ከነቀለሁ ለቆሻሻ መኪና እሰጠዋለሁ። ማርያምን!»

እትዬ ማርያምን ካሉ በኋላ ክርክር የለም። ሩዙን ግን ምን እናድርገው? መጣሉ ግፍ ነው፤ መብላቱ አይቻልም። እትዬ ራሳቸው በከረጢት ይዘው ፒኜቶ ባቡር ድልድይ አጠገብ ለእርግቦች በተኑት። እርግቦቹ መጡ፣ አዩት፣ ትንሽ ከበው ቆሙና ሄዱ። እትዬ ይህን ሲነግሩን ጥፋቱ የእርግቦቹ እንዲመስል አድርገው ነው።

አሁን ጥያቄው ተለወጠ። የሚበላ ነገር ምንድን ነው? ጋሼ ፉርሽካ የከብት ነው ይላሉ፤ እትዬ ፉርሽካ የበላ ሰው አውቃለሁ ይላሉ። ጋሼ ስለ ቆረቆንዳ ሲያነሡ እትዬ በቆሎ ነው ይላሉ። እኔን ዳኝ አሉኝ። ያየሁትን እንጂ የሚበላውን አልመሰክርም ብዬ ወጣሁ። በመጨረሻ እትዬ «አባ ይፍረዱ» አሉ።

አባ ለትምህርት ሮም የመጡ ወጣት የካቶሊክ ካህን ናቸው፤ የሚያጠኑት ቀኖና ነው። ሐሙስ ሐሙስ እትዬ ዘንድ ሽሮ ይበሉ ነበር። ያን ሐሙስ ማዕዱ ሲቀርብ ጋሼ ከሽሮው ጎን ሌሎች ትንንሽ ሳህኖች ደረደሩ፤ አንዱ ላይ ፉርሽካ፣ አንዱ ላይ የተፈጨ ቆረቆንዳ፣ አንዱ ላይ ሰጋቱራ። አባ ባርከው ሲጨርሱ እያወሩ እጃቸውን ሰደዱና ጉርሻቸውን ቆረቆንዳው ውስጥ ነከሩ።

«እትዬ፣ ሽሮው ዛሬ ትንሽ አልበሰለም» አሉ።

«እሱ አይደለም አባ! እሱ ማስረጃ ነው» አሉ ጋሼ።

ነገሩ ተነገራቸው። አባ አፋቸውን በውኃ ተጉመጠመጡና እንደ ዳኛ ተስተካክለው ተቀመጡ።

«ቆረቆንዳ፣ በቆሎው ተፈልፍሎ ካለቀ በኋላ እህል ሊባል አይችልም። የእህል መቀመጫ ነው።»

«ከብት አይበላውም?» አሉ እትዬ።

«ይበላል።»

«ከብቱን እኛ አንበላውም?»

አባ ትንሽ አሰቡ። «እትዬ፣ በዚህ መንገድ ከሄድን ሣርም እህል ሊሆን ነው። ሣር መርገጥ ልንተው ነው?»

«ወሎ ቢሆኑ ሣር አይረግጡም ነበር። ከየት አምጥተው!»

«እሱስ እውነት ነው» አሉ አባ።

«ይፍረዱ እንጂ አባ!» አሉ ጋሼ። «ባቡር አለብኝ፣ ጉባኤ አለብኝ፣ እርስዎ ሣር ይዘውብኛል!»

«ቀኖና ስለ ቀለህ የሚለው ነገር የለም። ግን ደንብ አውጥቼ ልፈርድ እችላለሁ። በዚህ ማዕድ ያለ ሰው በጭንቅ ቀን እንኳ አፉ የማያስገባው ነገር ከሆነ በርሜል ይግባ። አፉ የሚያስገባው ከሆነ አይግባ።»

ሁላችንም ተስማማን። እትዬ ግን «ማን ይፈትነው?» አሉ፤ ቀጥለውም ራሳቸው «ፈራጁ» ብለው መለሱ።

አባ ፉርሽካውን ቀመሱና «ዳቦ ዳቦ ይላል» አሉ። ፉርሽካ ወደቀ። ቆረቆንዳውን በድጋሚ፣ አሁን እያወቁ አኘኩት። ረጅም ጊዜ አኘኩት። «በጨው ቢሆን...» ብለው ሳይጨርሱ እትዬ ሳህኑን አነሡት። የቀረው ሰጋቱራው ነው። ጋሼ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። አባ ቆንጥረው ምላሳቸው ላይ አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የጥድ ነው?»

«የጥድ ነው።»

«ደስ የሚል ሽታ አለው።»

«ወደቀ» አሉ እትዬ።

ጋሼ ጭንቅላታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። «ሰው ናቸው ወይስ ፍየል? ቀኖና የሚያጠና ሰው ሰጋቱራ ይጥመዋል?»

«የሴሚናሪውን ምግብ ስላልቀመሱት ነው ጋሼ» አሉ አባ።

መላውን ያመጡትም ራሳቸው አባ ናቸው። ከከተማው በስተደቡብ ዘወትር የሚሄዱበት አንድ ገዳም አለ፤ ግቢው በሙሉ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከዛፉ ሥር የወደቀው ፍሬ ያዳልጣል አሉ። ባሕር ዛፍ ሲባል አራታችንም ቀና አልን። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ባሕር ዛፍ የማይሆነው ነገር አለ ብሎ አያምንም፤ ቤት ይቆምበታል፣ እሳት ይነድበታል፣ ጉንፋን ይታጠንበታል፣ ተማሪ ይገረፍበታል። ፍሬውን ደግሞ በልጅነቱ አፉ ከትቶ ያልተፋው የለም። ስለዚህ እንደማይበላ አራታችንም በየምላሳችን ምስክሮች ነበርን። አባ እንኳ መቅመስ አላስፈለጋቸውም። እትዬ «ባሕር ዛፍ ከሆነ ይሁን» አሉ። ጋሼ ተነሥተው የአባን እጅ ሳሙ።

ከመካከላችን አንድም ሰው ፍሬውን ከቀለሁ አፍ ጋር አላስተያየም። ሕይወታቸውን ሙሉ ብረት ሲለኩ የኖሩት ጋሼ፣ የመለኪያ መሣሪያቸው ኪሳቸው ውስጥ እያለ አልለኩም። የአገር ዛፍ ይለካል?

አባ ፍሬውን በመጻሕፍት ቦርሳቸው ሞልተው አመጡ። በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ዞረ። ሕንፃው በሙሉ ጉንፋን የያዘው ሰው ክፍል ሸተተ። ሲከፈት ተጠርቼ ወረድኩ።

«ያየኸውን» አሉኝ ጋሼ። ድምፃቸው ቀዝቅዞ ነበር።

«ተከድነዋል» አልኩ።

የዚያ ዛፍ ፍሬ ትንንሽና ባንድ በኩል ሹል ነው። ሹሉን እያስቀደመ እያንዳንዱ ቀለህ አፍ ውስጥ ገብቶ፣ የሌላው ቀለህ ክብደት እየመታው ተቀርቅሯል። ጆንያ ሙሉ ቀለህ ቡሽ እንደ ገጠመ ጠርሙስ ሆኗል። ውጫቸው እንደ ፀሐይ ያበራል። ውስጣቸውን ማንም ሊያይ አይችልም።

ያን ሳምንት ከሥራ ስንመለስ፣ አባም እየመጡ፣ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን ፍሬ ስናወጣ ቆየን። መሣሪያችን የእትዬ ወስፌ፣ ምስማርና የአባ ብዕር ነበር። እትዬ አልረዱም፤ ሽሮ እያማሰሉ ይታዘቡን ነበር። ጋሼ ወስፌውን ይዘው አንዱን ሲወጉ ስተው አውራ ጣታቸውን ወጉ። ትንሽ ቆይተው ደገሙት።

«ወስፌ ሰጠሁህ እንጂ ጦር ሰጠሁህ?» አሉ እትዬ።

«አፉ አልታየኝም።»

«የቱ አፍ?»

«የቀለሁ።»

እትዬ ማማሰያውን አስቀመጡ። ቀለሁን ከጋሼ እጅ ወስደው ፊታቸው ላይ ዘረጉት፤ ግራ ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑባቸው።

«አሁንስ?»

«ጭጋግ ነው እንጂ ይታየኛል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ። እትዬም ወደ እኔ አዩ።

«ለእኔ ሳትነግር ለጋዜጠኛ ትነግራለህ?»

«ጋዜጠኛ ምን ችግር አለው፤ ሰምቶ ጽፎ ይረሳል። አንቺ ብትሰሚ ባቡሩን ታስቀሪብኛለሽ።»

«አስቀራለሁ!»

«ይኸው!»

አባ መስኮቱ ላይ የሚያወራውን ሬዲዮዬን ቀነሱ። ጋሼ በጣታቸው ላይ ያለውን ደም እየጠቡ፣ ለእኔ ያሉኝን፣ አንድ እሑድ ብቻ የሚለውን፣ ለባለቤታቸው አሉ። ለእሳቸው ሲሉት እንደ አየር ሁኔታ አልነበረም። እትዬ ወንበር ስበው ተቀመጡና ወስፌውን ወሰዱ። አንድ ጊዜ ወግተው፣ አዙረው፣ ፍሬውን እንደ ሾህ ነቅለው አወጡት። ከዚያ በኋላ ከሁላችንም ፈጥነው ያወጡ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ውስጡ ግን አሁንም ጥቁር ነው። ለጉባኤው የቀረው ጊዜ ጥቂት ነበር። በማግስቱ እትዬ ከገበያ ሲመለሱ አንድ ትልቅ ከረጢት ኖቺ ይዘው ገቡ፤ ቅርፊቱ እንደ እንጨት የጠነከረው የዚህ አገር ፍሬ ነው።

«ኖቺ ጾም አያስፈታም» አሉ። «ልቡን እንበላለን፤ ቅርፊቱ ይፈጭና በርሜል ይገባል። የሚበላው ተበልቶ ነው፤ ማንም ግፍ አይለውም።»

ጋሼ ከረጢቱን ተቀበሏቸው። «ይህን ቀድሞ ለምን አላልሽም?»

«ቀድሞ መች ጠየቅኸኝ? ካህን ጠየቅህ።»

«ካህኑን ያስጠራሽው አንቺ!»

«እኔ ያስጠራኋቸው እንዲከለክሉህ ነው።»

ለሥርዓቱ ሲባል አባ አንድ ቅርፊት ነከሱ። «አይበላም» አሉ፣ ጉንጫቸውን ይዘው።

ከዚያ መብላት ሆነ። ቁርስ ኖቺ፣ ራት ኖቺ። አባ ለሴሚናሪው ጓደኞቻቸው በኪሳቸው ይዘው እየሄዱ ቅርፊቱን በታማኝነት ይመልሱ ነበር። እኔ የዜና ወኪሉ ዴስክ ላይ እየሰበርኩ ቅርፊቱን በፖስታ ሳስቀምጥ ያየኝ ባልደረባዬ ምክንያቱን ጠየቀኝ። ጥይት ለማጽዳት ነው አልኩት። ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን ትንሽ ራቅ አደረገ።

ቅርፊቱ ሲጠራቀም መውቀጫ አስፈለገ። ጋሼ መዶሻ አነሡ። እትዬ ግን ወደ ጓዳ ገብተው ሙቀጫቸውን ከነዘነዘናው አወጡ። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ሻንጣ ውስጥ ልብስ አስወጥተው ያመጡት ሙቀጫ ነው፤ ለሰው አያበድሩትም፤ እኔ እቤታቸው በኖርኩበት ጊዜ ሁሉ አንዴም አልነካሁትም። ጋሼ ፊት አስቀመጡትና «ውሰድ» አሉ። ጋሼ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው። ሁለቱ እየተቀባበሉ ወቀጡ። እሳቸው ሲደክሙ እትዬ፣ እትዬ ሲደክሙ እሳቸው። ቅርፊቱ ልክ ሆኖ ወጣ፤ እንደ ደረቅ ብሳና... ምን እንደሚመስል አልናገርም፤ ቡናማና ሻካራ ነበር። ይልቅ አንድ ነገር አላሰብንም። ያ ሙቀጫ ዕድሜውን ሙሉ የወቀጠው በርበሬ ነው። እንጨቱ እስከ ልቡ ጠጥቶታል፤ የኖቺ ቅርፊት ደግሞ እንደ ሞረድ እየፋቀ አወጣው።

ቅዳሜ ጠዋት በርሜሉ ተነሣ። ሲሞቅ ጥሩ ድምፅ ነበረው። ጥቂት ቆይቶ እኔ አነጠስኩ። ቀጥሎ አንደኛ ፎቅ ሰው አነጠሰ። ከዚያ ሁለተኛ ፎቅ። የደረጃው ክፍተት እንደ ጭስ ማውጫ ሆኖ ብናኙን ወደ ላይ ሳበው፤ በሮች ይከፈታሉ፣ ሰው ይስላል፣ አንዱ «ጋዝ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ሕንፃው በሙሉ በነጠላ ጫማና በፒጃማ መንገድ ላይ ወጣ። እትዬ ወዲያው ሽታውን ለይተውታል። ከጎረቤቶቹ መካከል ቆመው ከሁሉም አብልጠው እየሳሉ «ምን ይሆን? ምን ይሆን?» ይሉ ነበር።

ጋሼ አልወጡም። ብናኙ ከየት እንደሚመጣ እያወቁ፣ ፊታቸውን በእርጥብ ፎጣ ጠምጥመው በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠዋል። እትዬ በጆሮዬ «ሂድ እየውና ና» አሉኝ። መሐረብ በአፍንጫዬ ይዤ ወረድኩ።

«ያጥፉት ጋሼ፤ ሰዉ መንገድ ላይ ነው።»

«ገና ነው። አሁን ብናጠፋው ውስጡ አይጠራም።»

«የእሳት አደጋ ሊጠሩ ነው!»

«እስኪመጡ ይጠራል» አሉ።

ወጥቼ ለጎረቤቶቹ ጋዝ አለመሆኑን፣ የበርበሬ ብናኝ መሆኑን፣ ሰው እንደማይሞትበት አስረዳሁ። አንዲት ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች ምን እየተሠራ ነው አለችኝ። ቀለህ እየታጠበ ነው አልኳት። ካሰበች በኋላ «በበርበሬ?» አለች። በበርበሬ ሳይሆን በኖቺ ቅርፊት ነው ብዬ አረምኳት። ይህ ነገሩን ግልጽ ያደረገላት አይመስለኝም። ሆኖም የእሳት አደጋ አልተጠራም፤ ቀስ በቀስ ሰዉ ተመለሰ፤ በርሜሉም ቆመ። ጋሼ ዓይናቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ አንድ ቀለህ ይዘው ወጡ። ውጭው ንጹሕ ነበር። ወደ ፀሐይ አዞርኩት። ውስጡም ንጹሕ ነበር። ይህን ስነግራቸው መንገዱ ላይ እትዬን አቀፏቸው፤ ሁለቱም አነጠሱ።

በማግስቱ ሦስታችን በትንሹ ባቡር ሄድን። እትዬ ወደዚያ ሲሄዱ የመጀመሪያቸው ነው፤ ጆንያውን ከጋሼ ጋር በሁለት ጫፉ ይዘው ነበር። አባላቱ ለጉባኤው ተሰብስበዋል። ፕሬዚዴንቱ ጆንያውን ፈትቶ አንድ ቀለህ አወጣ፤ ውጭውን አየ፣ ውስጡን አየ፣ ረክቶ ራሱን ነቀነቀ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ መድኃኒት ሲቀምም የኖረ ስለሆነ ቀለሁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ሳበ።

ካነጠሰ በኋላ ማነጠሱን ማቆም አቃተው። ቀለሁን የተቀበለው አባልም እንዲሁ ሆነ። ቀለሁ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ማንም ሳያሸት አላሳለፈውም።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ፕሬዚዴንቱ፣ እንባው እየወረደ።

ጋሼ እውነቱን ተናገሩ። ትንሽ ፔፔሮንቺኖ ሳይገባበት አልቀረም አሉ።

የጉባኤው አጀንዳ ቆመ። አንዱ በርበሬ ከባሩድ ጋር ሲገናኝ ሊፈነዳ ይችላል አለ። ሌላው በርበሬ ዘይት አለው፣ አፈሙዙን ያበላሻል አለ። ሦስተኛው የደቡብ ሰው ነበርና ለአገሩ በርበሬ ተቆርቁሮ ምንም አያደርግም ብሎ ጮኸ። ታዲያ አንተ ተኩሰው ሲሉት ተቀመጠ። ፕሬዚዴንቱ በሙያዬ ስለዚህ የተጻፈ ነገር አላውቅም አለ። በመጨረሻ ጥቂት ቀለህ ይሞላና ይሞከር ተባለ፤ ክለቡ ባሩድና እርሳስ የሚሞላበት ባለ እጀታ ማሽን ጓዳው ውስጥ ነበር። ተሞላ። ማን ይሞክር? አባላቱ የሰማዩን ሁኔታ ማየት ጀመሩ።

ጋሼ እጃቸውን አወጡ።

«እንግዳ መተኮስ አይችልም» አለ አንዱ።

«መተኮስማ አይችልም» አለ ፕሬዚዴንቱ እያሰበ። «መሞከር ግን መተኮስ አይደለም። ደንቡ ስለ መሞከር የሚለው የለም።»

ይህ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እንደ ጸደቀ ሁሉም ከወፍራሙ ግንብ ኋላ ሄደው ቆሙ። መደቡ ላይ የቀረነው ጋሼ፣ እትዬና እኔ ብቻ ነን። እትዬን ፕሬዚዴንቱ በምልክት ጠራቸው፤ አልሄዱም። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው አጠፉት፣ ለእትዬ ሰጡ፣ የክለቡን ጠመንጃ ይዘው በሆዳቸው ተኙ። ጉንጫቸውን ሰደፉ ላይ አስደገፉ። ለረጅም ጊዜ አልተኮሱም። ከግንቡ ኋላ ሹክሹክታ ይሰማ ነበር።

«ይታይሃል?» አሉ እትዬ ዝቅ ብለው።

«ዝም በይ፤ ይታየኛል።»

ተኮሱ። ምንም አልፈነዳም፤ የመደበኛ ጥይት ድምፅ ነበር። በክለቡ የርቀት መነጽር አየሁ፤ ጥቁሩ ክብ ጠርዝ ላይ መትተዋል። ነገርኳቸው። የጋሼ ፊት ከሰደፉ ላይ ሳይነሣ ተለወጠ።

«ቤኔ? ደህና ነው?» ብሎ ጮኸ ፕሬዚዴንቱ ከግንቡ ኋላ።

«ከአንድ ጥይት ምን ይታወቃል!» አሉ ጋሼ።

ልክ ነው ተባለ። ሁለተኛውን ተኮሱ፣ ሦስተኛውን ተኮሱ። ወደ መሐል እየገባ ነበር። የተሞላው ሲያልቅ ጋሼ በርበሬው ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚሆን ገና አልታወቀም አሉ፤ አፈሙዙ ሲግል ነው እውነቱ የሚወጣው። ይህም ለአባላቱ አሳማኝ ሆነ። ሁለት ሰዎች ማሽኑ ላይ ተቀምጠው ይሞሉ ጀመር፤ ሌላ አንድ ሰው በሰሐን እያመጣ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ከእትዬ እግር አጠገብ አስቀምጦ ይሮጣል። ጉባኤው ለሌላ ጊዜ ተላለፈ፤ ምርጫም አልተደረገም። የምሳ ሰዓት አለፈ። እትዬ ኮቱን ታቅፈው መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ተኩስ ሲወጣ ትከሻቸውን ነቅነቅ እያደረጉ ነበር።

«አሎራ? ታዲያስ?» አለ ፕሬዚዴንቱ ደክሞት፣ ጣቶቹ ጆሮዎቹ ውስጥ እንዳሉ። «አደገኛ ነው ወይስ አይደለም?»

ጋሼ ጠመንጃውን እንደ አነጣጠሩ «እርግጠኛ አይደለሁም» አሉ። «አንድ ሰሐን ይጨመር።»